የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ፤ ሞክሼዎች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም



የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቁጥር ለማኅበራችን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱ «የትኛውን ኮምፒዩተር ልግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ በወር አበል የሚተዳደር ተማሪ ከምግቡና ከመጽሐፉ ቀንሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ባንድ ቀን የሚያወጣበት ጉዳይ ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ሥነ ሕንፃ የሚያጠና አንድ ጓደኛችን «አርቲኤክስ 4070» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ላፕቶፕ ገዛ። የክፍል ጓደኛው ደግሞ ያንኑ ስም የያዘ ካርድ በዴስክቶፑ ውስጥ ነበረው። ሁለቱም አንዱን የሕንፃ ንድፍ በብሌንደር ወደ ሥዕል ሲለውጡ፣ ዴስክቶፑ ጨርሶ ላፕቶፑ ገና በሥራ ላይ ነበር። ጓደኛችን «የተበላሸ ዕቃ ሸጣችሁልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ዕቃው ግን ምንም አልሆነም፤ ስሕተቱ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛቱ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው ሌላው አባላችን በዚሁ እንዳይሳሳት በማሰብ ነው።

ሀ. ስማቸው እንዴት አንድ ሆነ?

ግራፊክስ ካርድ «ኮር» የሚባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አስሊ ክፍሎች ያሉት፣ ብዙ ስሌት ባንድ ጊዜ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ቀድሞ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ለላፕቶፕ የሚሠራቸውን ካርዶች «ኤም» በሚል ፊደል ይለያቸው ነበር። ለምሳሌ ያህል በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 980 2048 ኮር ሲኖረው፣ 980 ኤም 1536 ብቻ ነበረው። ገዢውም ልዩነቱን ከስሙ ይረዳ ነበር።

በ2016 እ.ኤ.አ. ፊደሉ ቀረ። በጊዜው ይህ አግባብ ነበረው፤ የጂቲኤክስ 1080 ዴስክቶፕም ሆነ ላፕቶፕ እኩል 2560 ኮር ነበራቸውና። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው የላፕቶፕ አርቲኤክስ 3080 ግን ኮሩ 6144 ሲሆን፣ የዴስክቶፑ 8704 ነበር። ልዩነቱ ተመለሰ፤ ፊደሉ ግን አልተመለሰም። ኩባንያው በመግለጫው ከስሙ ቀጥሎ «ላፕቶፕ ጂፒዩ» ብሎ ቢጽፍም፣ በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ ተትቶ ይገኛል።

ለ. ልዩነቱ በቁጥር

የሚከተሉትን ሞክሼዎች እናነጻጽር።

አርቲኤክስ 5090፦ ዴስክቶፑ 21760 ኮር፣ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 575 ዋት፤ ላፕቶፑ 10496 ኮር፣ 24 ጊጋባይት፣ ከ95 እስከ 150 ዋት።

አርቲኤክስ 4090፦ ዴስክቶፑ 16384 ኮር፣ 24 ጊጋባይት፣ 450 ዋት፤ ላፕቶፑ 9728 ኮር፣ 16 ጊጋባይት፣ ከ80 እስከ 150 ዋት።

አርቲኤክስ 4070፦ ዴስክቶፑ 5888 ኮር፣ 12 ጊጋባይት፣ 200 ዋት፤ ላፕቶፑ 4608 ኮር፣ 8 ጊጋባይት፣ ከ35 እስከ 115 ዋት።

አርቲኤክስ 4060፦ ዴስክቶፑ 3072 ኮር፣ 8 ጊጋባይት፣ 115 ዋት፤ ላፕቶፑ 3072 ኮር፣ 8 ጊጋባይት፣ ከ35 እስከ 115 ዋት።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ዋጋው በናረ መጠን ልዩነቱም ይሰፋል። የላፕቶፑ 4090 በኮርና በሜሞሪ መጠን የሚመሳሰለው ከዴስክቶፑ 4090 ጋር ሳይሆን ከዴስክቶፑ 4080 ጋር ነው። በአንፃሩ የ4060 ሞክሼዎች በኮር እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፕ ከላፕቶፕም ይለያያል። «ከ35 እስከ 115 ዋት» ማለት አምራቹ የፈቀደውን ይመርጣል ማለት ነው። ስለዚህ 115 ዋት የሚያገኝ 4060፣ በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ በጥቂት ዋት የታፈነውን 4070 ሊበልጠው ይችላል። ኃይል የማያገኝ ኮር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ሐ. ምክንያቱ ምንድን ነው?

ምክንያቱ ሙቀት ነው። ካርዱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዴስክቶፕ ይህን የሚያስወጣበት ሰፊ ሣጥንና ትላልቅ ማራገቢያዎች አሉት። ላፕቶፕ ግን ሲፒዩውንና ካርዱን ባንድ ጠባብ ገላ አቅፎ፣ በትናንሽ ማራገቢያ ይተነፍሳል።

ሆኖም ዋቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ አይቀንስም። ቺፕ የሚፈጀው ኃይል ከፍሪኩዌንሲው ጋርና ከቮልቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለቱም በ20 በመቶ ቢቀነሱ 0.8 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ 0.51 ይሆናል፤ ማለትም ፍጥነቱ አንድ አምስተኛ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ላፕቶፕ በትንሽ ኃይል ብዙ ሥራ የሚሠራበት ምስጢር ይኸው ነው።

መ. ባትሪና ሜሞሪ

ላፕቶፑ ከሶኬት ሲነቀል የካርዱ ጉልበት በእጅጉ ይወርዳል። አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት ባትሪ እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ አምራቾች ከዚያ ብዙም አያልፉም። 150 ዋት የሚፈጅ ካርድ ይህን ባትሪ ብቻውን በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከባድ ሥራ በቤተ መጻሕፍት ጥግ በባትሪ የሚሠራ መስሎት የሚገዛ ሰው ያዝናል።

ሜሞሪውን በተመለከተ ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ሰባት ቢሊዮን ቁጥሮች ያሉት የቋንቋ ሞዴል በ16 ቢት ሲጫን 14 ጊጋባይት ይፈልጋል። በ8 ጊጋባይት ካርድ ላይ እንዳለ አይገባም፤ ወደ 4 ቢት ካልተጨመቀ በስተቀር። የካርዱ ሜሞሪ ደግሞ እንደ ራም በኋላ የሚጨመር አይደለም።

ሠ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ላፕቶፕ አትግዙ ማለታችን አይደለም። ብዙዎቻችን ከዶርም ወደ ዶርም እንዛወራለን፤ ስንመረቅም በአንድ ሻንጣ ወደ አገራችን እንገባለን። አገር ቤት መብራት ሲጠፋም ባትሪ ያለው ኮምፒዩተር ጽሑፋችንን ያድንልናል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሻጩን እነዚህን መጠየቅ ይገባል፦

1. የካርዱ ከፍተኛ ዋት ስንት ነው? መልስ ካጣ የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጽፎ ከአምራቹ መግለጫ ማየት ነው።

2. የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ስንት ጊጋባይት ነው? ከራም ጋር እንዳይምታታ።

3. ማራገቢያው በረጅም ሥራ ጊዜ ሙቀቱን ይችለዋል? የዚህን አገር በጋ ማሰብ ያስፈልጋል።

በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራና ከባድ ንድፍ የሚያወጣ ሰው፣ በዚያው ገንዘብ ከዴስክቶፕ የበለጠ ጉልበት ያገኛል። መመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚጽፍ ደግሞ ልዩ ካርድ ጨርሶ አያስፈልገውም። በመካከል ላለው፣ መጠነኛ ላፕቶፕ ገዝቶ ከባዱን ሥራ በፋኩልቲው ላቦራቶሪ ዴስክቶፕ ላይ ማታ ማሠራት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ከላይ የጠቀስነው ጓደኛችን ዛሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ላፕቶፑን አልሸጠውም፤ ንድፉን በእርሱ ያዘጋጅና የመጨረሻውን ሥዕል በላቦራቶሪ ያወጣል። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥርም አብሮት ሱቅ እየሄደ፣ ከስሙ በፊት ዋቱን ይጠይቅለታል። ሌሎቻችንም እንዲሁ እንድናደርግ አደራ እንላለን።