የደቡብ አውስትራሊያ የመብራት መቋረጥ

የደቡብ አውስትራሊያ የመብራት መቋረጥ መስከረም 18 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2016) መላውን ክፍለ ግዛት ያጨለመ አደጋ ነው። ወደ 850,000 የሚጠጉ ደንበኞች ኤሌክትሪክ አጥተዋል።

መንስኤ

ብርቱ አውሎ ነፋስ ምሰሶዎችን ጥሎ ሦስት ዋና ማስተላለፊያ መስመሮችን ከጥቅም ውጭ አደረገ። ቮልቴጁም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወረደ። የነፋስ ተርባይኖች መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንዲህ ያለ መዋዠቅ ሲደጋገም ምርት እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ስለነበር፣ ዘጠኝ የነፋስ ማመንጫዎች 7 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ 456 ሜጋዋት ቀነሱ። ከጎረቤት ቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ጉድለቱን ለመሙላት ሲሞክር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ተቋረጠ፤ ወዲያው ሁሉም ጠፋ።

ወጪና ክርክር

የክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ የከሰል ማመንጫ የተዘጋው ከመቋረጡ ጥቂት ወራት በፊት በመሆኑ ብዙዎች ታዳሽ ኃይልን ወቀሱ። የኤሌክትሪክ ገበያ ኦፕሬተሩ ምርመራ ግን ችግሩ የነፋስ እጥረት ሳይሆን የሶፍትዌሩ ቅንብር መሆኑን አሳየ። ቅንብሩም ተስተካከለ።

ሆኖም ሌላ ጉዳይ ቀረ። የከሰልና የጋዝ ማመንጫዎች ከባድ ተሽከርካሪ ማሽኖች አደጋ ሲደርስ የመረቡ ድግግሞሽ በድንገት እንዳይወርድ ይከላከላሉ። ይህ ጥቅም ቀድሞ ከኤሌክትሪኩ ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኝ ነበር፤ ማመንጫዎቹ ሲዘጉ ግን በገንዘብ መተካት አለበት። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 100 ሜጋዋት የሆርንስዴል ባትሪ ወደ 90 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ፈጅቷል። በመጀመሪያው ዓመት ግን መረቡን ለማረጋጋት ይወጣ ከነበረው ወጪ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ እንዳዳነ ተገምቷል። ስለዚህ የታዳሽ ኃይል ዋጋ ሲሰላ ከተርባይኑ ሌላ የመረቡ ማረጋጊያም ይታሰባል።