የደም ካንሰር ታካሚዎች የኩላሊት ምርመራ ለምን ያስፈልጋቸዋል?

የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) የሚጀምረው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ቢሆንም ሕመሙም ሆነ ሕክምናው ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በመሆኑም ከቡኢና አካባቢዋ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚላኩ ታካሚዎች ኬሞቴራፒ ከመጀመራቸው በፊትና በሕክምናው ወቅት የኩላሊታቸው ሁኔታ በየጊዜው ሊመረመር ይገባል።

መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳትን በብዛትና በፍጥነት ሲያፈርስ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ይበዛሉ። ይህም ኩላሊትን በድንገት ከሥራ ውጭ ሊያደርግና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ችግሩን ለመከላከል በሐኪም ትእዛዝ በቂ ፈሳሽና አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት ይሰጣል። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በኩላሊት በኩል ስለሚወገዱ ኩላሊት ሲዳከም መጠናቸው ይስተካከላል።

ዋናው ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን የክሬያቲኒን መጠን መለካት ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ከዕድሜና ከጾታ ጋር አገናዝቦ የኩላሊትን የማጣራት አቅም ያሰላል። ሰውነቱ በሕመም በከሳ ታካሚ ላይ ኩላሊት ተዳክሞም ክሬያቲኒን ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የቀድሞ ውጤቶች ለንጽጽር ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ ታካሚዎች፦

• በቡኢ፣ በቡታጅራ ወይም በሌላ ቦታ የተሠሩ የላቦራቶሪ ውጤቶችን፣ የሪፈር ወረቀትንና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ከሆኑ መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ፤

• እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ወይም የባህል መድኃኒትን ሐኪም ሳያማክሩ አለመውሰድ፤

• ሽንት ሲቀንስ፣ ፊት ወይም እግር ሲያብጥ፣ ትውከት ሲበረታ ወይም የልብ ምት ሲዛባ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ሆስፒታል መሄድ ይኖርባቸዋል።