ፈትሉ እንዳይበጠስ፦ የልደት በዓልና የአረጋውያን አደራ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ሲቃረብ የመርካቶው ሸማ ተራ ነጭ በነጭ ይሆናል። በግራና በቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ጋቢውን፣ ኩታውን፣ ነጠላውንና ባለጥበቡን ቀሚስ ከደጃፋቸው ሰቅለው ገበያተኛውን ይጠራሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ከተቆረቆረ ወዲህ ብዙ ትውልድ የበዓል ልብሱን ከዚህ ሰፈር ገዝቷል።

በዚህ ግርግር መካከል ቆም ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታየው አይቀርም። ልጅቱ ቀድማ የምታየው የጥለቱን ቀለም ነው። አያቲቱ ግን የነጠላውን ጫፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሸት አሸት አድርገው ወደ ብርሃን ያነሡታል፤ የፈትሉን ቅጥነትና የሽመናውን ጥብቀት ይመረምራሉ። «ይኼ ሲታጠብ ይሳሳል፤ እስቲ ያኛውን አውርደው የኔ ልጅ» ይላሉ። ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ጥጥ ዳምጠውና ነድፈው፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርገው፣ እንዝርት አሹረው፣ ልቃቂቱን በሙዳይ ካከማቹባቸው ዓመታት የተረፈ ነው። ዛሬ በፋብሪካ የታተመ የጥበብ አምሳያ ከውጭ እየገባ ከእጅ ሥራው ጎን በሚሰቀልበት ገበያ፣ እኒያ ጣቶች ያረፉ ዕለት የልጅቱ ጣቶች ምን ለይተው ያውቁ ይሆን?

ነገሩ ስለ ነጠላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለበዓል ጽሑፍ ርእስ ባልሆነ ነበር። እምነትና ምግባርም እንደዚሁ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉ ናቸው።

በልደቱ ታሪክ ውስጥ ያሉት አረጋውያን

ስለ ልደት ስናነሣ በልባችን የሚታዩን ሕፃኑ፣ ድንግል እናቱ፣ እረኞቹና ሰብአ ሰገል ናቸው። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው ሉቃስ ትረካውን የሚጀምረው በሁለት አረጋውያን፣ በካህኑ በዘካርያስና በኤልሳቤጥ ነው። ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜም የተቀበሉት ሁለት አረጋውያን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከልደት ጀምሮ ቆጥራ በአርባኛው ቀን፣ የካቲት 8፣ የምታስበው አረጋዊው ስምዖን ተስፋውን ሳይቆርጥ ሲጠብቅ ኖሮ ሕፃኑን ታቀፈ። የ84 ዓመቷ መበለት ሐናም ከመቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ስታገለግል ቆይታ ያየችውን ለሌሎች መሰከረች። እነዚህ ሰዎች ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ሌላው ያላየውን አይቷል። ካህናትና ሕዝብ በሚመላለሱበት በዚያ አደባባይ፣ ከድሆች ቤተሰብ የመጣውን ሕፃን ማንነት የለዩት እነርሱ ናቸው።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን የመልአኩን ብሥራት የሰማችው ሐርና ወርቅ ስትፈትል ነው፤ ሥዕሎቻችንም እንዝርት ይዛ ያሳዩናል። ብሥራቱን እንደሰማች ተነሥታ የሄደችው ወደ ኤልሳቤጥ ቤት ሲሆን፣ በዚያም ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ወጣቲቱ ወደ አሮጊቲቱ ሄደች፤ አሮጊቲቱም በደስታና በአክብሮት ተቀበለቻት። ኤልሳቤጥ በዕድሜ ታላቅ ሆና ሳለች የታናሺቱን ጸጋ ቀድማ መሰከረች። ታላቅነት ለታናሹ ክብር ሲሰጥ የበለጠ እንደሚከብር ከዚህ እንማራለን።

ቅዱስ ጳውሎስም የጢሞቴዎስን እምነት ሲያነሣ ወደ አያቱ ወደ ሎይድና ወደ እናቱ ወደ ኤውንቄ ይመልሰዋል። ያ ታላቅ ደቀ መዝሙር ከሐዋርያው እግር ሥር ከመቀመጡ በፊት በአያቱ ጓዳ ተምሮ ነበር ማለት ነው። እኛስ ብንሆን ጾምን ከማን ተማርን? በቤተ ክርስቲያን ነጠላን መስቀለኛ ማጣፋትን፣ በኀዘን ቀን ጥለቱን ወደ አንገት መመለስን፣ የወደቀ እንጀራ ሲገኝ አንሥቶ መሳምን ያሳየን ማን ነው? አብዛኞቻችን ይህን ያወቅነው አያታችን ሲያደርጉ አይተን ነው።

የማይወረስም ውርስ አለ

ነገር ግን ሽበት ብቻውን አርአያ አያደርግም። ካህኑ ዔሊ ብላቴናውን ሳሙኤልን የእግዚአብሔርን ድምፅ እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው፤ የገዛ ልጆቹ መሥዋዕቱን ሲያቃልሉ ግን አልከለከላቸውም። ታሪኩ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለሌላው ልጅ መካሪ ሆኖ በቤት ዝም ማለት ዋጋ ያስከፍላል።

ሸማ ተራም በዚህ ረገድ የሚያስታውሰን አለው። በበዓል ቀን የምንደምቅበትን ሸማ የሠራውን ባለእጅ «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መስደብ ከአባቶች ወደ ልጆች የተላለፈ ክፉ ልማድ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሙያው መስደብን ቢከለክሉም ንቀቱ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። እንዲህ ያለውን ቃል በልጅ ልጁ ፊት ከአፉ የማያወጣ ሽማግሌ ታላቅ ትምህርት አስተምሯል።

የሽመናው ሙያ ራሱ የሚወረሰው ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲቀበል ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን ጥበብ በአዲስ አበባ ያቆዩት በዚሁ መንገድ ነው። በአንጻሩ «ሙያ ትማራለህ፣ ትምህርት ቤት ትገባለህ» ተብለው ከዚያው አገር እየመጡ፣ ሌት ተቀን ሲሸምኑ ልጅነታቸው ያለፈ ብላቴኖችም ነበሩ። ልጅን ማስተማርና በልጅ መጠቀም ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። መምህር የሚደሰተው ልጁ ራሱን የቻለ ዕለት ነው፤ ተጠቃሚ የሚያዝነውም በዚያው ዕለት ነው።

መንገደኛዋ እናት

የአረጋውያን አርአያነት በዘመናችንም አልጠፋም። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ በሄዱ ጊዜ ወሎ በረሃብ ተመትቶ ነበር። ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። ከዚያም የሕፃናቱ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የተደላደለ ኑሯቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መከራ መቀበልን መረጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ። ጎልማሳነት ካለፈ በኋላ «ከእንግዲህ ምን እሠራለሁ?» ለሚል ሰው ይህ ሕይወት በቂ መልስ ነው።

ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር የወጣ ነው። የመጦር ግዴታ ያለብን እኛ ልጆቹ ነን እንጂ፣ አረጋዊው ከሰው ተራ ይውጣ ማለት አይደለም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አረጋውያንን ከጎዳና እያነሣ የሚጦረው መቄዶንያ መኖሩ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ጧሪ ያጡ ወላጆች መብዛታቸው ግን ሊያሳፍረን ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ ለዘንድሮ በዓል ለእናታችን ነጠላ፣ ለአባታችን ጋቢ ገዝተን ይሆናል። መልካም ነው። ስጦታው የሚሞላው ግን አጠገባቸው ስንቀመጥ ነው። ልጆቻችን ከአያታቸው አንድ ነገር ይጠይቁ፤ አንድ ጸሎት፣ አንድ የቤት ሙያ፣ አንድ የቤተሰብ ታሪክ። ክርስትና አባትና ክርስትና እናት የሆናችሁም፣ ሕፃኑን በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ ስትታቀፉ የተቀበላችሁት አደራ በድግሱ ዕለት አላበቃምና ልጃችሁን ጠይቁ።

እናንተም አረጋውያን ሆይ፣ «ዘመኑ አልፎብናል» አትበሉ። ስምዖን ሕፃኑን የታቀፈው በእርጅናው ነው። ልጁ ባይሰማ እንኳ ያያልና፣ የያዛችሁትን ፈትል ሳታቋርጡ አቀብሉት።

መልካም የልደት በዓል!