ሥልጣንን በሰላም ስለ ማስረከብ

ሹመትን መቀበል የማይወድ ሰው ጥቂት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ በሰላም የሚያስረክብ ግን ከዚያ ይልቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር የሜክሲኮ ታሪክ መልካም ምሳሌ ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን።

ሜክሲኮ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ፥ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን ከተቃወሙትና የወራሪውን ግዛት አናውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዲቱ እርሷ ናት። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ መሰየሙም የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው።

በዚያች አገር በ1921 ዓ.ም. የተመሠረተ አንድ ፓርቲ፥ ስሙን እየለወጠ 71 ዓመት ሳያቋርጥ ገዛ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ዳግመኛ እንዳይመረጥ ይከለክል ነበር፤ ነገር ግን ተሰናባቹ ተተኪውን በጣቱ ይጠቁም ነበርና፥ ሰው ተለወጠ እንጂ ቤቱ አልተለወጠም። ምርጫውንም የሚመራው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነበረ። በ1980 ዓ.ም. የቆጠራው መሣሪያ ተበላሸ ተብሎ ውጤቱ ዘገየ፤ በኋላም የገዢው ፓርቲ ዕጩ አሸነፈ ቢባል ብዙው ሕዝብ አላመነም። ዳኛውም ተከራካሪውም አንድ ሲሆን፥ እውነተኛ ፍርድ እንኳ ቢሰጥ የሚያምነው አይገኝም።

ይህ ጉድለት የታረመው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሚኒስትሩ ከሰብሳቢነት ወጥቶ፥ የምርጫው መሥሪያ ቤት ራሱን የቻለ ሆነ። ሰኔ 25 ቀን 1992 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000) በተደረገው ብርቱ ፉክክር፥ ተቃዋሚው ቪሴንቴ ፎክስ ከመቶ 42 ተኩል ያህል፥ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ፍራንሲስኮ ላባስቲዳ 36 ያህል ድምፅ አገኙ። በዚያው ሌሊት ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ በቴሌቪዥን ቀርበው የተቃዋሚያቸውን ድል ለሕዝብ አስታወቁ፤ ኅዳር 22 ቀን 1993 ዓ.ም. ሥልጣኑን አስረከቡ።

ያም ፓርቲ በመሸነፉ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ ተመለሰ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ወረደ። በሐቅ የወረደ ሰው የመመለሻውን መንገድ አያጣም፤ በኃይል የሙጥኝ ያለ ግን መንገዱን በገዛ እጁ ይዘጋል።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ይባላል። ይህ ክፉ ምሳሌ የመጣው ሹመትን እንደ ርስት ከመቍጠር ነው። ሹመት ግን አደራ ነው፤ አደራም ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል። እንግዲህ መዝገብ የሚጽፍና ቍጥር የሚደምር ሹም፥ ኅሊናም የሚያስተምር ካህን፥ የሕዝብ አደራ በእጁ እንዳለ ይወቅ። አሸናፊውን የሚያስከብረው የተሸናፊው እሺታ ነውና፤ ተሸናፊውንም እሺ የሚያሰኘው የቈጣሪው እውነተኛነት ነው።