አጥቂዋ ለምን ተከላካይ ሆነች?

የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ጨዋታ አብረን ስናይ ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ይጠይቃል፦ «ይሄ ልጅ በክለቡ አጥቂ አይደል እንዴ? ምን ነክቷቸው ነው ተከላካይ ያደረጉት?» ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። መልሱን ስትፈታቱት ስለ እግር ኳስ የምታውቁት ብዙ ነገር መልኩን ይቀይራልና፣ ጠጋ በሉ ላስረዳችሁ።

ከሰፈር ሜዳ እንነሣ። ቡድን ሲከፈል በረኛ የሚሆነው ማን ነበር? ታናሹ ልጅ። ደከም ያለው ኋላ ይቆማል፤ ኳስ የሚችለው ደግሞ ማንም ሳይነግረው ፊት ይሄዳል። በሌላ አገርም ያው ነው። የልጆች ቡድን ጎበዙን የሚያሰልፈው ኳስ በምትበዛበትና ጎል በሚገባበት ቦታ ነው። እንግዲህ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ከየክለቡ ምርጥ ምርጡን ጠርቶ ሲሰበስብ አስቡት። አሥር ቁጥር መልበስ የለመደ ልጅ ሞልቷል፤ የግራ ተከላካይ ግን የለም። ክለብ ቢሆን ገበያ ወጥቶ ይገዛል። አገር ተጫዋች አይገዛም፤ ካሉት ልጆች አንዱን አዲስ ቦታ ማስተማር ግድ ይለዋል።

ሒሳቡም ያስገድዳል። ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተለመደው የቡድን ዝርዝር 21 ተጫዋች ነው። ሦስቱ በረኞች ናቸው፣ 18 ይቀራሉ። ሜዳ ውስጥ ከበረኛው ሌላ 10 ቦታ አለ። ለየቦታው ሁለት ሁለት ሰው ለመያዝ 20 ያስፈልግ ነበር፤ ሁለት ጎደለ። አንዱ ቢጎዳ፣ ሌላው በካርድ ቢታገድ ጉድለቱ ይሰፋል። ሁለት ቦታ የሚችል ልጅ በአሰልጣኙ ዓይን እንደ ሁለት ሰው የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

አሁን ክሪስታል ደንን ላስተዋውቃችሁ። በኒውዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ያደገች አሜሪካዊት ናት። በትምህርት ቤት ጎል አግቢ ነበረች፤ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከተከላካይ እስከ አጥቂ ተዘዋውራ ተጫውታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃፓን ባዘጋጀችው ከ20 ዓመት በታች የሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ አሰልጣኝ ስቲቭ ስዋንሰን በተከላካይ መስመር አሰለፋት። ያ ቡድን በምድብ ጨዋታ በጀርመን 3 ለ 0 ተሸንፎ፣ በቶኪዮው ፍጻሜ ያችኑ ጀርመን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚያስ? በ2015 ደን በአሜሪካ ሊግ ለዋሽንግተን ስፒሪት በአጥቂነት ተሰልፋ 15 ጎል አገባች፤ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢና ኮከብ ተጫዋች ተባለች። በ2019 የዓለም ዋንጫ ደግሞ ያቺው ጎል አግቢ ለአገሯ የግራ ተከላካይ ሆና የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

እንዴት ይቻላል? ሚስጥሩ እዚህ ላይ ነው። የመስመር አጥቂና የመስመር ተከላካይ የሚመላለሱት በአንድ መስመር ላይ ነው። ፍጥነቱ፣ ትንፋሹ፣ አንድ ለአንድ መጋፈጡ ሁሉ ከልጁ ጋር አብሮ ወደ ኋላ ይወርዳል። እንደ አዲስ መሠልጠን ያለበት ዓይኑ ነው።

አጥቂ ፊቱን ወደ ጎል አድርጎ ይሮጣል። ኳስ ቢነጠቅ ከኋላው የሚያስጥሉት ጓደኞች አሉ። ተከላካይ ሲሆን ከኋላው ያለው በረኛው ብቻ ነው። ኳስ በሌላኛው ክንፍ ላይ ስትሆን ኳሷንም፣ ከጀርባው የሚሾልከውን ሰውም ባንድ ጊዜ ማየት አለበት። ስለዚህ ሰውነቱን ገደድ አድርጎ መቆም፣ አንገቱንም ቶሎ ቶሎ ማዞር ይማራል። ከሦስቱ ተከላካይ ጓደኞቹ ጋር እኩል ወጥቶ እኩል ካልተመለሰ፣ እሱ በቀረባት አንዲት እርምጃ ምክንያት ከጨዋታ ውጪ መሆን የነበረበት ባላጋራ ነፃ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ነው። አጥቂ ሆኖ ቀድሞ መንቀሳቀስን የተማረ እግር፣ አሁን ሳይወድቅ፣ ሳይቸኩል ባላጋራው እስኪሳሳት መጠበቅ አለበት።

ወደ ኋላ መውረድ አንዳንዴ የተሰወረ ችሎታንም ያወጣል። አንድሬያ ፒርሎን አስታውሱ። በ2000 ከ21 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ጣልያን ቼክ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 ስትረታ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነበር፤ ያኔ ከአጥቂዎቹ ጀርባ የሚጫወት አሥር ቁጥር ነበር። በዓመቱ በውሰት ወደ ብሬሻ ክለብ ሲሄድ ግን በዚያ ቦታ ላይ አንጋፋው ሮቤርቶ ባጆ ነበር። አሰልጣኙ ካርሎ ማዞኔ ፒርሎን ወደ ተከላካዮቹ አስጠግቶ አሰለፈው፤ በኋላም ካርሎ አንቼሎቲ በሚላን እዚያው አጸናው። ፈጣን አልነበረም። ከኋላ ሲቆም ግን ሜዳው በሙሉ ከፊቱ ተዘረጋለትና ለማሰብ ጊዜ አገኘ። በ2006 ጣልያን የዓለም ዋንጫን ስታነሣ የቡድኑን ጨዋታ የሚዘውረው ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ነበር።

ቦታ መቀየር ዋጋ አያስከፍልም እንዳትሉኝ ግን፣ ያስከፍላል። ደን ራሷ በክለብ ፊት ተጫውታ ለብሔራዊ ቡድን ተከላካይ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ በአደባባይ ተናግራለች። እሷ የበሰለች ተጫዋች ነበረች። የ16 ዓመት ልጅ ሲሆንስ? ለጥቂት ቀናት ተጠርቶ፣ በማያውቀው ቦታ ተሰልፎ፣ በሕይወቱ ትልቁን ጨዋታ ይጫወታል። ቢሳሳት ስሕተቱ ጎል ነው። በዕለቱ መልማዮች ስታዲየም ውስጥ ካሉ የሚያዩት ጥሩ አጥቂን ሳይሆን የተደናገረ ተከላካይን ነው። ይሄ ያሳስበኛል። አሰልጣኝ ቦታ ሲቀይር ለልጁ ምክንያቱን ሊነግረው፣ ከጨዋታው በፊት ሊያለማምደው፣ የለመደው ቦታም እንዳልተዘጋበት ሊያረጋግጥለት ይገባል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

መመለሻው በር ክፍት ሲሆን ምን እንደሚገኝ አልፎንሶ ዴቪስ ያሳያችኋል። በጋና የስደተኞች ካምፕ ከላይቤሪያውያን ወላጆች ተወልዶ ካናዳ ያደገው ይህ ልጅ፣ በ2017 ጎልድ ካፕ በተባለው የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ላይ ለካናዳ ገና በ16 ዓመቱ ሦስት ጎል አግብቷል። በ2019 መገባደጃ ባየርን ሙኒክ ተከላካዮቹ ተጎድተውበት ሲቸገር የግራ ተከላካይ አደረገው። በ2020 ባየርን ባርሴሎናን 8 ለ 2 ሲያሸንፍ በግራ መስመር ተከላካዮችን አልፎ ለቡድን ጓደኛው ለኪሚሽ ያቀበላትን ኳስ የሚረሳት የለም። ካናዳ ግን ፊት ማሰለፏን አልተወችም፤ በ2022 በወንዶች የዓለም ዋንጫ ታሪኳ የመጀመሪያውን ጎል ክሮኤሺያ ላይ በጭንቅላቱ ያገባላት እሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታ ቦታው የተቀየረ ልጅ ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ለአሥር ደቂቃ ኳሷን ተዉና ልጁን ብቻ ተከተሉ፤ ኳስ እሱ ጋ ከመድረሷ በፊት አንገቱን እዩት። ወደ ጀርባው ዞር ዞር እያለ ከሆነ አዲሱን ቦታ እየተማረ ነው፤ አንዲት ኳስ ቢያመልጠው እንኳ አጨብጭቡለት።