ሳይነዳ ለወራት የሚቆም የጉዞ ተሽከርካሪ ባትሪ ለምን ይሞታል?

በኬንያና በታንዛኒያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ረጅሙ ዝናብ ሲጀምር የጎብኚዎች ቁጥር ይቀንሳል። በናይሮቢና በአሩሻ ግቢዎች ውስጥ ጣሪያቸው ላይ ድንኳን የተጫነባቸው፣ ማቀዝቀዣና መብራት የተገጠመላቸው መኪኖች፣ ከኋላቸው የሚጎተቱ የመኝታ ተሳቢዎችም ጭምር፣ ተደርድረው ይቆማሉ። ሞተሩ ይጠፋል፣ በሩ ይቆለፋል፣ ሸራ ይለብሳል። ሁሉም ነገር ያረፈ ይመስላል።

ባትሪው ግን አላረፈም። ከሦስት ወር በኋላ ባለቤቱ ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር የሚሰማው አንዲት ደካማ ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ የተሳቢው መብራትም አይበራም። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ የቆመች የቤት መኪናም ሆነች በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ ክረምቱን በበረዶ ሥር የሚያሳልፍ የመዝናኛ ተሳቢ ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው።

ብዙ ሰው ባትሪ የሚሞተው በሥራ ብዛት ይመስለዋል። በርካታ ባትሪዎችን ያለጊዜያቸው የሚገድላቸው ግን ኃይላቸው ተሟጦ ባዶ እንደሆኑ መተዋቸው ነው። ይህ ደግሞ በአነስተኛ ወጪ፣ አንዳንዴም ያለምንም ወጪ፣ ሊከላከሉት የሚችሉት ጉዳት ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ምን ይከናወናል?

የእርሳስና የአሲድ ባትሪን በአውሮፓውያኑ 1859 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ከ160 ዓመታት በላይ ቢያልፉም መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጡ በስድስት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በውሃ በተቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ የተዘፈቁ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች ይገኛሉ።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከሰሌዳዎቹ ጋር ተዋሕዶ ሊድ ሰልፌት የሚባል ነጭ ውሁድ ይፈጥራል። ፈሳሹ ወደ ውሃነት እየተጠጋ ይሄዳል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሂደቱ ይገለበጣል፤ ሰልፌቱ ይፈርስና አሲዱ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው ሰልፌቱ ሳይፈርስ ሲቆይ ነው። መጀመሪያ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን እየተያያዘ ወደ ትልልቅና ጠጣር ክሪስታል ይለወጣል። የጠጠረው ሰልፌት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ በተለመደው ቻርጅም በቀላሉ አይፈርስም። የተሸፈነው የሰሌዳ ክፍል ከሥራ ውጭ ይሆናል። ከውጭ ሲታይ ባትሪው ምንም ምልክት አያሳይም፤ ቻርጅ ሲደረግም ቶሎ የሞላ ይመስላል፤ የቀረው ሰሌዳ ጥቂት ስለሆነ ግን ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው። የእርሳስ ባትሪ የሚቀመጠው ሞልቶ ነው፤ በተቀመጠበትም ጊዜ እንደሞላ መቆየት አለበት።

ኃይሉ ወዴት ይሄዳል?

አንደኛ፣ ባትሪው ምንም ሳይገናኝበትም ራሱን በራሱ ያሟጥጣል። እንደ ስሪቱ ቢለያይም በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ማጣቱ የተለመደ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚባክነው መጠን በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህም በጅቡቲ ወይም በሰመራ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ባትሪ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ቀዝቃዛዋ አዲስ አበባ ካለው አቻው እጅግ ቀድሞ ይዝላል።

ሁለተኛውና የባሰው ግን ስውሩ ፍጆታ ነው። ዘመናዊ መኪና ቆሞም ቢሆን የስርቆት መከላከያውና ሰዓቱ፣ የሬዲዮው ትውስታና ልዩ ልዩ ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። 50 ሚሊ አምፔር ብዙ አይመስልም። በቀን ሲሰላ ግን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ25 ቀን ግማሹን ያጣል ማለት ነው።

በመኝታ ተሳቢ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው፣ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ትንሽ አምፖል ሁሉ ተራ በተራ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከሁሉ የከፋው ሳይጠፋ የተረሳ ኢንቨርተር ነው። ምንም ነገር ሳይሰካበት ግማሽ አምፔር ያህል ከወሰደ፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በስምንት ቀን ገደማ ባዶ ያስቀረዋል። ባለቤቱ ደግሞ የሄደው ለሦስት ወር ነው።

ከማቆም በፊት

በጋራዥ ቋንቋ ቴስተር የሚባለው የቮልት መለኪያ ዋጋው ከአንድ አዲስ ባትሪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መለኪያውን በሁለቱ ጫፎች ላይ አድርጎ ማንበብ የባትሪውን ሁኔታ በግምት ይናገራል። 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከዚህ በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ቻርጅ ሊደረግ ይገባል። 12.2 ግማሽ ገደማ ሲሆን፣ 12.0 የቀረው ሩብ ብቻ መሆኑን ያሳያል። ብዙዎች 12 ቮልት ሲያዩ ሞልቷል ብለው የሚሳሳቱት ባትሪው ባለ 12 ቮልት ስለሚባል ነው።

ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ባትሪው ከቻርጅ ወይም ከጉዞ በኋላ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ማረፍ አለበት። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነው።

ከሞላ በኋላ ከመኪናው ወይም ከተሳቢው ማለያየት ስውሩን ፍጆታ በአንድ ጊዜ ያስቆመዋል። መጀመሪያ የሚፈታው የኔጋቲቭ ገመድ ነው፤ ሲመለስም መጨረሻ የሚታሰረው እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኔጋቲቩ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፖዘቲቩን ለመፍታት የያዝነው ቁልፍ ሳናስበው የመኪናውን ብረት ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል። በባትሪ ዙሪያ በተለይ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ተቀጣጣዩ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚኖር ብልጭታው ሊፈነዳ ይችላል። አንዳንድ መኪኖች ባትሪው ሲለያይ የሬዲዮ ኮድ ይጠይቃሉና ኮዱን አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

የተለየ ባትሪም ቢሆን ራሱን ማሟጠጡ ስለማይቀር ቢያንስ በየወሩ፣ በሞቃት ቦታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ መለካትና መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ራሱ የሚሠራው ከሞላ በኋላ ቮልቱን ወደ 13.5 ገደማ ዝቅ አድርጎ የሚጠብቅ አውቶማቲክ ቻርጀር ነው። ሲሞላ የማይቆም አሮጌ ቻርጀር ግን ለወራት ሰክተው የሚሄዱበት ዕቃ አይደለም፤ ውሃውን አፍልቶ ያደርቀዋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ማጣራት ያሻል። አንዳንድ ቻርጀሮች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ቁልፋቸው ካልተነካ ሥራ አይጀምሩም።

በእኛ አካባቢ ከዚህ የሚሻለው ፀሐይ ነው ማለት ይቻላል። 10 ዋት ያህል የሆነ ትንሽ የሶላር ሰሌዳ በዝናቡ ወራት እንኳ በቀን አንድ አምፔር ሰዓት ቢያስገኝ፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓቱ ባትሪ በወር በራሱ ከሚያጣው 5 አምፔር ሰዓት በእጅጉ ይበልጣል። ይሁንና በሰሌዳውና በባትሪው መካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ ጠራራ ፀሐይ በሆነባቸው ቀናት ከልክ በላይ ሊሞላው ይችላል። በሸራ የተሸፈነ ሰሌዳ ምንም እንደማያመነጭ መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል።

አሲድ ሳይሆን ውሃ

ክዳናቸው የሚከፈት ባትሪዎች የፈሳሻቸው መጠን መታየት አለበት። የሚጎድለው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ስለዚህ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድናት ስላሉት ሰሌዳዎቹን ይጎዳል። ውሃው የሚስተካከለው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ከታዩ ግን አስቀድሞ እስኪሸፈኑ ያህል ብቻ ይጨመራል።

ደከመ ለተባለ ባትሪ አሲድ መጨመር በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። ለጊዜው የተሻለው ቢመስልም ስሕተት ነው። አሲዱ የትም አልሄደም፤ በሰልፌት መልክ ሰሌዳው ላይ ተቀምጧል። በላዩ ሌላ ሲጨመር ፈሳሹ ከልክ በላይ ጠንካራ ይሆንና ሰሌዳዎቹን ይበላል። ይህን ሥራ ያለ ዓይን መከላከያና ያለ ጓንት መሥራት ደግሞ ለሰውም አደጋ ነው። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብና ዓይን ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው።

ሌላው ልማድ ዘበኛ ወይም ዘመድ በሳምንት አንዴ መኪናውን አስነሥቶ ለአምስት ደቂቃ እንዲያቆየው ማድረግ ነው። ሞተር ማስነሳት በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ደግሞ የሚመልሰው ውስን ነው። የባትሪው የመጨረሻ ክፍል እስኪሞላ ሰዓታት ይወስዳልና አምስት ደቂቃ አይበቃውም። መኪናውን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ መንዳት የተሻለ ይረዳል። ባትሪን ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ያሟጥጠዋል የሚለው እምነት ግን ዛሬ አይሠራም። ከቀድሞዎቹ የእንጨትና የጎማ ሳጥኖች ዘመን የቀረ ሲሆን፣ የአሁኖቹ የፕላስቲክ ሳጥኖች ኤሌክትሪክ አያሳልፉም።

በረዶ ባለበት አገር

ቅዝቃዜ ራስን ማሟጠጥን ስለሚያዘገይ ለሞላ ባትሪ ጠላት አይደለም። የተሟጠጠ ባትሪ ግን ፈሳሹ ወደ ውሃ ስለተጠጋ ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ሊረጋና ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። የሞላው እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ከዜሮ በታች አይረጋም። በሰሜን አሜሪካና በስካንዲኔቪያ የሚኖሩ ወገኖች ተሳቢያቸውን ከመሸፈናቸው በፊት ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የረጋ ባትሪ በፍጹም ቻርጅ አይደረግም።

በአዳዲስ ተሳቢዎች ላይ የሚገጠሙት የሊቲየም ባትሪዎች ደንባቸው ይለያል። እነሱ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጡ የሚመረጠው ግማሽ ገደማ ሞልተው ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ መደረግ የለባቸውም። የእርሳሱን ደንብ ለሊቲየሙ ማዋል አንዱን ስሕተት በሌላ መተካት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። ኢትዮጵያ በአውሮፓውያኑ 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል። አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ በተጨማሪ ኮምፒውተሮቹንና የበር መክፈቻውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ቢሞላም መኪናው አይነቃም።

የሞተው የት ይሄዳል?

ባትሪ ያለጊዜው ሲሞት የሚጎዳው የባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚመረተው እርሳስ ከአራት ሦስት እጅ በላይ የሚውለው ለባትሪ ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የሚባል መጠን እንደሌለው ይገልጻል።

በሞምባሳ አቅራቢያ በምትገኘው ኦዊኖ ኡሁሩ መንደር የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። አሮጌ ባትሪዎችን የሚያቀልጥ ፋብሪካ የመንደሩን አየር፣ አፈርና ውሃ በእርሳስ በክሎ ነዋሪዎች ታመሙ። የራሷ ልጅ የተመረዘባት ፊሊስ ኦሚዶ የመራችው ትግል በአውሮፓውያኑ 2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን አስገኝቶላታል። ፍርድ ቤት በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ወሰነ፤ ውሳኔው በይግባኝ ቢሻርም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 መጨረሻ መልሶ አጽንቶታል።

ስለዚህ የማይመለስ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበርም፣ አሲዱም መሬት ላይ አይደፋም፣ እርሳሱም በቤት ምድጃ አይቀልጥም። ሳጥኑ ሳይከፈት፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተቀምጦ አሮጌውን ለሚቀበል ባትሪ ሻጭ ይሰጣል። ብዙ ሻጮች ከአዲሱ ዋጋ ላይ የተወሰነ ይቀንሱበታል፤ ከመስጠት በፊት ግን ለማን እንደሚያስተላልፉት መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው።