ከመጠጥ ሱስ የሚያገግሙ ሰዎች የሚፈጽሙት እርቅና ካሳ ጥንቃቄን ይሻል

በመጠጥ ሱስ ሳቢያ በቤተሰብና በጎረቤት ላይ የደረሰን በደል በይቅርታና በካሳ ማስተካከል ለማገገም የሚረዳ ቢሆንም፣ ጊዜውና አካሄዱ በጥንቃቄ ካልተመረጠ ተበዳዩን ለዳግም ጉዳት፣ በዳዩን ደግሞ ለዳግም ሱስ ሊዳርግ ይችላል።

በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አካባቢዎች ጠላና አረቄ በየቤቱ የሚዘጋጁ ሲሆን፣ በማኅበር፣ በተዝካርና በሠርግም ለእንግዳ ይቀርባሉ። በስካር ሳቢያ ጠብ ሲነሳ ወይም ትዳር ሲናጋ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ድረስ ጉዳዩ በአብዛኛው የሚቀርበው ለአገር ሽማግሌዎችና ለንስሐ አባቶች ነው።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ልምድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ የተመሠረተው ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ከሚከተላቸው 12 ደረጃዎች መካከል 8ኛው የተበደሉትን ሰዎች መዘርዘርን፣ 9ኛው ደግሞ በደሉን በቀጥታ መካስን ይመለከታል። ይሁንና ካሳው ተበዳዩን ወይም ሌላ ሰውን የሚጎዳ ከሆነ እንዲቀር ይኸው 9ኛ ደረጃ ያሳስባል።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ጤናን የሚመለከት ነው። ለረዥም ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ፣ ራስን ስቶ መውደቅና የአእምሮ መዛባት ሊገጥመው ስለሚችል አስቀድሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል። ጸበል የሚጠመቅ ቢሆንም የሕክምና ክትትሉን ማቋረጥ አይገባውም። የካሳው ጉዳይ ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ የሚደርስ ነው።

ሁለተኛው የተበዳዩ ፈቃድ ነው። ድብደባ የደረሰባት ሚስት ከሽማግሌ ፊት ከበዳይዋ ጋር እንድትቀመጥ መገደድ የለባትም። ሽማግሌዎች አስቀድመው ለብቻዋ ጠይቀው፣ ካልፈቀደች መልእክቱን ከማድረስ ሊቆጠቡ ይገባል። ይቅርታ መጠየቅ የበዳዩ ግዴታ ሲሆን፣ ይቅር ማለት ግን የተበዳይዋ ምርጫ ነው።

ሦስተኛው ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። በአንቀጽ 82 ደግሞ ከልብ መጸጸትንና የተቻለውን ያህል መካስን ከቅጣት ማቅለያ ምክንያቶች ይቆጥራል። በመሆኑም እርቅ ቅጣትን ሊያቀል ይችላል እንጂ ከባድ ወንጀልን አያስቀርም።

አራተኛው የእርቁ ማዕድ ነው። በልማዱ እርቅ በምግብና በጠላ ስለሚታሰር፣ በስካር ላጠፋው ጥፋት ይቅርታ የጠየቀ ሰው በዚያው ዕለት ብርሌ ወይም ዋንጫ ይቀርብለታል። በመጠጡ ፈንታ ብርዝ ወይም ቡና ማቅረብ የእርቁን ክብር አይቀንስም።

አምስተኛው የካሳው መጠን ነው። የእርሻ በሬን ሸጦ ወይም ለዘር የተቀመጠን እህል አውጥቶ በአንድ ጊዜ መክፈል ጥፋት ያልሠሩ ልጆችን ስለሚያስርብ፣ ክፍያው በዋስ ተረጋግጦ ምርት ሲሰበሰብ በየጊዜው እንዲፈጸም ማድረግ ይመረጣል።

በየደረጃው ያሉ የሥራ ኃላፊዎች፣ የፖሊስ አባላትና የጤና ባለሙያዎች ከሽማግሌዎች ጋር ተቀራርበው ቢሠሩ፣ እርቅ የተበዳዩን ደኅንነት ሳይነካ የበዳዩን ማገገም ሊያጸና ይችላል። ካሳው የሚጸናውም በአንድ ቀን ንግግር ሳይሆን፣ በየዕለቱ ከመጠጥ ርቆ በመኖር ነው።